የአባት ምስጋና

ልጅ ከአባቱ የሚጠብቀው ርስትና ጉልት ብቻ አይደለም፤ «ልጄ፥ ደስ አሰኘኸኝ» የሚል ቃልም ይጠብቃል። ይህን ነገር እንግሊዛዊው ባለቅኔ ሼክስፒር ስለ ንጉሥ ሄንሪ 4ኛ በጻፋቸው ሁለት ቴአትሮች አሳምሮ ገልጦታል። የመጀመሪያው ክፍል የታተመው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1598 ዓ.ም. ነው።

በዚሁ ቴአትር ንጉሡ አልጋ ወራሹ ልጃቸው በመሸታ ቤት መዋሉን ሰምተው እጅግ ያዝናሉ። ሆትስፐር የተባለውን ጀግና የመስፍን ልጅ እያመሰገኑም፥ ሁለቱ ገና በጨቅላነታቸው ተለዋውጠው ቢሆን ኖሮ ብለው እስከ መመኘት ይደርሳሉ። በታሪክ ሆትስፐር ልዑሉን ከ20 ዓመት በላይ ይበልጠው ነበር። ደራሲው እኩያ ያደረጋቸው የንጽጽሩ ሕመም እንዲሰማን ይመስለናል።

ልዑሉ በአባቱ ፊት ተወቅሶ ስሙን ሊያድስ ቃል ይገባል። በ1403 ዓ.ም. በተደረገው በሽሩስበሪ ጦርነትም አባቱን ከሞት ያድናል፥ ሆትስፐርንም ይገድላል። ንጉሡ ያን ጊዜ ያመሰግኑታል፤ ጥርጣሬው ግን ከልባቸው አልወጣም። በሁለተኛው ክፍል ታመው ተኝተው ሳሉ፥ ልዑሉ የሞቱ መስሎት ዘውዱን ቢያነሣ፥ ነቅተው ሞቴን ተመኘህ ይሉታል። ልጁ እያለቀሰ ልቡን ሲገልጥላቸው ይታረቃሉ፤ ነገር ግን ዕድሜያቸው አልቆ ነበር።

ልጅን መገሠጽ ተገቢ ነው። ወላጆችን የምንለምነው ግን በሌላ ሰው ልጅ እንዳይመዝኑት፥ የሚገባውንም ምስጋና ለመሞቻ ሰዓት እንዳያቈዩበት ነው።