«መድኃኒቱ አልሠራም» ከማለት በፊት፦ የአንጎል ማግኔት ሕክምናና ድባቴ

ለድባቴ ሕመም ወራት መድኃኒት ወስዶ ያልተሻለው ሰው፣ እንጅባራም ይሁን ዳንግላ፣ ውጭ አገር ካለ ዘመድ ወይም ከዩቲዩብ ስለ «አንጎል ማግኔት» መስማቱ አይቀርም። ሕክምናው እውነተኛ ነው። ሆኖም ለእሱ መሬት ከማከራየትና ከብት ከመሸጥ በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ አለ፦ እስካሁን የተወሰደው መድኃኒት በቂ መጠንና በቂ ጊዜ አግኝቶ ነበር ወይ?

በምህጻሩ ቲ.ኤም.ኤስ. የሚባለው ይህ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1985 በእንግሊዟ ሼፊልድ በአንቶኒ ባርከርና ባልደረቦቹ ተሠራ፤ በ2008 አሜሪካ ለድባቴ ሕክምና ፈቀደችው። ጭንቅላት ላይ የሚደገፍ የሽቦ ጥቅልል ቶሎ ቶሎ የሚለዋወጥ የማግኔት ኃይል ይፈጥርና በግራ ግንባር በኩል ያለውን የአንጎል ክፍል ያነቃቃል። ታካሚው በሰመመን አይተኛም፤ ነቅቶ ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ ሲጨርስ በእግሩ ወደ ቤቱ ይሄዳል። በዚህም ብዙዎች ከሚፈሩት የኤሌክትሪክ ንዝረት ሕክምና ይለያል። ራስ ምታት የተለመደ ነው፤ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ የሚደርስበት ሰው ከሺህ አንድ አይሞላም። ጭንቅላቱ ውስጥ ብረት ያለበት ሰው ግን አስቀድሞ ለሐኪሙ መናገር አለበት።

ውጤቱስ? እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ 190 በሚሆኑ ታካሚዎች ላይ፣ ከሕመሙ ነጻ የሆኑት በእውነተኛው ማሽን 14 በመቶ፣ በማስመሰያው 5 በመቶ ገደማ ነበሩ። በ2018 የወጣው የካናዳ ጥናት ደግሞ በ414 ታካሚዎች ላይ በአንድ ቀን ሕክምና 3 ደቂቃ የሚወስደውን አዲስ ዘዴ 37 ደቂቃ ከሚወስደው ነባር ዘዴ ጋር አወዳድሮ ውጤቱ እንደማያንስ አሳየ፤ ከሕመሙ ነጻ የሆኑት ከአራት አንድ እስከ ከሦስት አንድ ናቸው። ተአምር አይደለም፤ ባዶም አይደለም።

አሁን ወደ ጥያቄው እንመለስ። ድባቴ «መድኃኒት የማይበግረው» የሚባለው ቢያንስ ሁለት መድኃኒቶች በበቂ መጠንና ለበቂ ሳምንታት ተወስደው ሳይሠሩ ሲቀሩ ነው። በአገራችን በብዛት የሚታዘዙት አሚትሪፕቲሊንና ፍሉኦክሰቲን ናቸው። አሚትሪፕቲሊን በ25 ሚሊግራም ይጀመራል፤ ለአዋቂ ለድባቴ የሚሠራው መጠን ግን ብዙ ጊዜ ከ100 እስከ 150 ነው። በ25 ላይ ወራት የከረመ ሰው ጀመረ እንጂ አልሞከረም። ፍሉኦክሰቲንም ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ሳይሞላው አይፈረድበትም። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመው ትልቁ የአሜሪካ ጥናት በመጀመሪያው መድኃኒት ከሦስት አንዱ፣ ወደ ሁለተኛው ካለፉት ደግሞ ከአሥር ሦስቱ ያህል ከሕመሙ ነጻ እንደሆኑ ዘግቧል። እነዚህ ቁጥሮች ተጋነዋል የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ፤ ቢቀነስላቸው እንኳ በአግባቡ የተወሰደ ሁለተኛ መድኃኒት ከማሽኑ በፊት ሊታለፍ የሚገባው ነገር አይደለም።

መድኃኒቱ ትክክል ሆኖም ሌላ ነገር ሊያከሽፈው ይችላል፦ የእንቅርት ዕጢ ችግር፣ የደም ማነስ፣ የዘወትር አረቄ፣ በድባቴ ተሸፍኖ የቆየ የባይፖላር ሕመም፣ መድኃኒት ቤት ውስጥ ክኒኑ ማለቁ። ቋንቋም አለበት፦ ሐዘኑን በአውኚ የሚያስብ ሰው በአማርኛ «ራሴን ያመኛል» ብቻ ብሎ ሊመለስ ይችላል። ጸበል ሲገቡ ክኒን ማቋረጥም አንዱ ነው፤ በእንጦጦ ማርያም ካህናትና የአእምሮ ሐኪሞች ተባብረው መሥራታቸው ግን ሁለቱ አብረው መሄድ እንደሚችሉ ያሳያል።

«ድሃ ስለሆንን ዘመናዊ ሕክምና ይቅርብን ነው?» የሚል ይኖራል። አይደለም። ሁለቱን መድኃኒቶች በአግባቡ ጨርሶ ያልዳነ ሰው መብቱ ነው። ነገር ግን ሕክምናው በሳምንት አምስት ቀን፣ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይወስዳል። ማሽኑ ባሕር ዳር ቢተከል እንኳ ከእንጅባራ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በየቀኑ ተመላልሶ የሚሆን ስላልሆነ የቤት ኪራይና ሥራ ፈትቶ የሚያስታምም ዘመድ ይጠይቃል። የ3 ደቂቃው ዘዴ አንድ ማሽን በቀን ብዙ ሰው እንዲያክም ስለሚያስችል ለመንግሥት ሆስፒታል እንዲገባ ሊሟገቱለት የሚገባ ነው፤ ግን ማሽኑን የሚያዘው የሠለጠነ ባለሙያ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር እ.ኤ.አ. በ2003 በአገር ውስጥ የአእምሮ ሐኪሞችን ማሠልጠን መጀመሩም ይህንኑ ቅደም ተከተል ያሳያል፦ መጀመሪያ ሰው።

ስለዚህ ገንዘብ ከመሰብሰባችሁ በፊት አንድ ወረቀት ላይ የወሰዳችኋቸውን መድኃኒቶች ስም፣ ሚሊግራሙንና የሳምንታቱን ብዛት ጽፋችሁ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ዘንድ ሂዱ፤ «መጠኑ በቂ ነበር? ሁለተኛውስ?» ብላችሁ ጠይቁ። ክኒኑን በራሳችሁ አታቋርጡ፣ መጠኑንም በራሳችሁ አትጨምሩ። ራሱን ስለማጥፋት የሚናገር ሰው ካለ ግን ማሽንም ቀጠሮም አይጠበቅም፤ ብቻውን ሳትተዉት በዚያው ቀን ሆስፒታል አድርሱት።