ምች የመሰለው ሌላ ሕመም

ትኩሳት፣ የከንፈር ቁስልና የዓይን መቅላት አንድ ላይ ሲመጡ በብዙ ቤት «ምች ነው» ተብሎ ዳማከሴ ይታሻል። በሽተኛው በቅርብ ሳምንታት አዲስ መድኃኒት ጀምሮ ከሆነ ግን፣ በተለይ ብዙዎች ባክትሪም የሚሉትን ኮትሪሞክሳዞልን የመሰለ ሰልፋ ያለበት አንቲባዮቲክ፣ ነገሩ ስቲቨንስ ጆንሰን ሲንድረም ሊሆን ይችላል። ሁለት አሜሪካውያን የሕፃናት ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1922 የገለጹት ይህ ሕመም ከሰውነት መከላከያ ይነሳል። በመድኃኒቱ የተቆጡ ነጭ የደም ሴሎች የገዛ ቆዳን ሴሎች ስለሚገድሉ የላይኛው ሽፋን ውሃ ይቋጥርና ይላጣል፤ የአፍ፣ የዓይንና የብልት ስስ ሽፋንም አይተርፍም። የተላጠው ከሰውነት ቆዳ 30 በመቶውን ሲያልፍ ቶክሲክ ኤፒደርማል ኔክሮሊሲስ ይባላል፤ በዚህኛው ከሚያዙት ሦስት ሰዎች አንዱ ገደማ ይሞታል። ከተረፉትም መካከል ዓይናቸው የሚጎዳ ብዙ ናቸው።

ዋናው ሕክምና መንስኤውን መድኃኒት ሳይዘገዩ ማቆም ነው፤ ለዚህ ደግሞ የመድኃኒቱ ስም መታወቅ አለበት። ምልክቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው መድኃኒቱ ከተጀመረ ከ4 እስከ 28 ቀናት ባለው ጊዜ ስለሆነ፣ ክኒኑን ጨርሶ የረሳ ሰው ሁለቱን ነገሮች አያያይዛቸውም። ያለ ማዘዣ፣ ስሙ ሳይነገር፣ ከማሸጊያው ተቆርጦ የተሸጠ ክኒን አደገኛ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ሐኪሙ «ምን ወሰድክ?» ሲል «ነጭ ክኒን» የሚል መልስ ብቻ ያገኛል።

ሕመሙ በዓመት ከሚሊዮን ሰው ጥቂቶችን ብቻ ስለሚይዝ ማስፈራራት ምን ይጠቅማል የሚል ይኖራል። ኤችአይቪ በደማቸው ባለባቸው ሰዎች ላይ ግን አደጋው እስከ መቶ እጥፍ ገደማ እንደሚጨምር ታይቷል፤ ኮትሪሞክሳዞልን ሌላ በሽታ እንዳይዛቸው በየቀኑ የሚወስዱትም ብዙ ጊዜ እነዚሁ ሰዎች ናቸው። ከበድ የሚለው ተቃውሞ ሌላ ነው፦ ፍርሃቱ ሕይወታቸውን የሚጠብቀውን መድኃኒት ያስጥላቸው ይሆን? ይህ ስጋት እውነተኛ ነው፤ ዝምታ ግን መፍትሔ አይሆንም። የሚያሳክክ ቀላል ሽፍታ ለሐኪም የሚነገር እንጂ የሚያስደነግጥ አይደለም። ቆዳው ሲነካ የሚያም፣ ውሃ የቋጠረ ወይም የሚላጥ ከሆነ፣ ወይም ሽፍታው ከትኩሳትና ከአፍ ወይም ከዓይን ቁስል ጋር ከመጣ ግን ቀጣዩን ክኒን ሳይውጡ፣ ማሸጊያውን ይዘው በዚያው ቀን ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። ከዳኑ በኋላ ያ መድኃኒት ዕድሜ ልክ የተከለከለ ነው። ያው መድኃኒት በሌላ የንግድ ስምም ስለሚሸጥ፣ ዋናው ስሙ በካርድ ተጽፎ ከመታወቂያ ጋር ይያዝ፤ መድኃኒት ቤትም ሲገቡ ከገንዘቡ በፊት ካርዱ ይታይ።