ደም ያየ ሁሉ ኪንታሮት የለበትም

ከሚሴ ከተማ ላይ ወገቡን የሚያመው ሰው ለጎረቤቱ ይናገራል፤ ወባ የያዘውንም ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ሽንት ቤት ገብቶ ደም ያየ ግን ለሚስቱ እንኳ ትንፍሽ አይልም። ነገሩ ሲብስበት «የኪንታሮት መድኃኒት አለ» የሚል የመንገድ ዳር ሰሌዳ ፈልጎ፣ ማንም ሳያየው ሹልክ ብሎ ይገባል።

ፊንጢጣ ውስጥ ሰገራና አየር እንዳያመልጥ የሚያግዙ በደም ሥር የተሞሉ ትራሶች በሁላችንም ዘንድ አሉ። በማማጥ ብዛት አብጠው ወደ ታች ሲወርዱ ነው ኪንታሮት የምንላቸው። ደሙ ደማቅ ቀይ ነው፤ በሰገራው ላይ ይታያል ወይም በኋላ ይንጠባጠባል። አብዛኛውን ጊዜ አያምም፣ የሚያዘናጋውም ይኸው ነው። ጥቂት በጥቂት የሚፈሰው ደም ወራት ሲያስቆጥር የሰውነትን የብረት ክምችት ያሟጥጣል። ዳገት የሚያስለከልከው፣ ራሱን የሚያዞረው ሰው በቆላው ሙቀት እያሳበበ ይከርማል። የሄሞግሎቢን መጠን ለወንድ ከ13፣ ነፍሰ ጡር ላልሆነች ሴት ከ12 ግራም በዴሲሊትር ሲያንስ ደም ማነስ ይባላል።

ከሚሴ ላይ ግን አንድ ተጨማሪ ጥርጣሬ አለ፤ ቦርከና። ወንዙና የጨፋ ረግረግ ለከብቱም ለመስኖውም በረከት ናቸው፤ የቢልሃርዝያ ትል የሚያድግበት ቀንድ አውጣም ከዚያው ውሃ ይኖራል። የአንጀት ቢልሃርዝያ በአካባቢው የቆየ በሽታ ሲሆን ደም የተቀላቀለበት ሰገራ ያስወጣል። ወንዝ ውስጥ ሲዋኝ ያደገ ወጣት ኪንታሮት ነው ብሎ ቢያስነቅል ትሉ ከነእንቁላሉ ሆዱ ውስጥ ይቀራል። ሰገራውን አስመርምሮ ፕራዚኳንቴል የተባለውን መድኃኒት ቢውጥ ይበቃው ነበር። ደሙ ጠቆር ካለ፣ ንፍጥ ካለው፣ ሰውየው ከከሳ ወይም የሰገራ ልማዱ ከተለወጠ ደግሞ የትልቁ አንጀት ካንሰር መታሰብ አለበት። የባህል መድኃኒተኛው ይህን የሚለይበት መሣሪያ የለውም። የሚያቃጥለው ቅጠል ቁስሉን አመርቅዞ ፊንጢጣን ሊያጠብ፣ ሰገራ መቆጣጠርንም ሊያሳጣ ይችላል።

ስለ መከላከል ሲነሳ የጫት በርጫን መዝለል አይቻልም። ጫት የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ ታኒኑ ሆድ ያደርቃል፣ ከሰዓቱን ሙሉ ያስቀምጣል። ቃሚው እራቱን ሳይበላ ያድራል፤ ጠዋት ያምጣል። ተው ቢሉት የማይተው ሰው ቢያንስ በልቶ ይቃም፣ ውሃ ይጠጣ፣ እየተነሳ ይንቀሳቀስ። በደሴ መንገድ ለሚመላለሱት የከባድ መኪና ሾፌሮችም ምክሩ ያው ነው። በረመዳን ከአፍጥር እስከ ሱሁር ውሃውን ከፋፍሎ መጠጣት፣ ከሳምቡሳው ጎን ፓፓያ ማስቀመጥ ይረዳል። ምስር፣ ባቄላ፣ ጎመን፣ የማሽላ እንጀራ ሰገራ ያለሰልሳሉ። ሰገራ ሲመጣ አለማቆየት፣ ሽንት ቤት ስልክ ይዞ አለመቀመጥም ይረዳል። በውሃ የመታጠብ ልማድ ያለው የአካባቢው ሰው በዚህ በኩል ከደረቅ ወረቀት ተጠቃሚ ይሻላል።

ጤና ተቋም የሚደረገው ምርመራ ደቂቃዎችን ቢወስድ ነው፤ ሴት ታካሚ ሴት ባለሙያ ትመርምረኝ ማለት ትችላለች። ጀማሪው ኪንታሮት በምግብና ለብ ባለ ውሃ በመዘፍዘፍ ይቀላል፤ ከዚያ ከፍ ያለው በላስቲክ ቀለበት ታስሮ ይወድቃል። በአብዛኛው ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው ወጥቶ አልመለስ ያለው ነው።