ተጨማሪ መረጃ፦ የምሰሶው ወርቅ

አሜሪካዊው ሄርማን ሜልቪል በ1851 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «ሞቢ ዲክ» ልብ ወለድ፣ ካፒቴን ኤሃብ አንድ የኢኳዶር የወርቅ ሳንቲም በመርከቡ ምሰሶ ላይ ይቸነክራል። ሽልማቱ እግሩን የቆረጠውን ነጭ ዓሣ ነባሪ ቀድሞ ላየ ነው። በሳንቲሙ ላይ ሦስት ተራሮች ተቀርጸዋል፤ በአንዱ ጫፍ ነበልባል፣ በሌላው ግንብ፣ በሦስተኛው የሚጮህ አውራ ዶሮ አለ።

በምዕራፍ 99 መርከበኞቹ ተራ በተራ ያዩታል። ኤሃብ በሦስቱም ውስጥ የሚያየው ራሱን ነው። ሃይማኖተኛው ስታርባክ ተራሮቹን ከሥላሴ ጋር ያመሳስላቸዋል። ስተብ በሳንቲሙ ላይ ካሉት የከዋክብት ምልክቶች የሰውን ዕድሜ ያነባል። ለፍላስክ ግን 16 ዶላር፣ ማለትም 960 ሲጋራ መግዣ ነው።

ምልክት ስትተነትኑ «ምን ማለት ነው?» ብቻ ሳይሆን «ለየትኛው ገጸ ባሕርይ?» ብላችሁም ጠይቁ።