ጆሮ በድንገት መስማት ሲያቆም የትኛው ሕክምና ይሻላል?

አንድ ሰው ማታ ደህና ተኝቶ ጠዋት አንድ ጆሮው አልሰማ ቢለው፣ ብዙ ጊዜ የሚባለው «ብርድ መትቶህ ነው፣ ይለቅሃል» ነው። ሊለቀው ይችላል። ግን በሦስት ቀን ውስጥ የመጣ የመስማት ችግር እንደ ድንገተኛ ሕመም መታየት አለበት። ስለዚህ በዚህ እትም ሕክምናዎቹን እናወዳድራለን።

መጀመሪያ መለየት

አንዳንዴ ጆሮ የማይሰማው ኩክ፣ መግል ወይም ፈሳሽ የድምፁን መንገድ ሲዘጋው ነው። አንዳንዴ ደግሞ የውስጠኛው ጆሮ ወይም ነርቩ ሲጎዳ ነው፤ አስቸኳዩ ይሄኛው ነው። አፋችሁን ዘግታችሁ «እምምም» በሉ። ድምፁ በታመመው ጆሮ ከጎላ መንገዱ ተዘግቶ ይሆናል። በደህናው ጆሮ ከጎላ ግን ነርቭ ነው ብለን እንጠርጥር። ይሄ የባለሙያ ምርመራን አይተካም፤ ጭው ማለትና ማዞር ካለም ለባለሙያው ንገሩ። ፊት ከተጣመመ ወይም እጅና እግር ከዛለ በዚያችው ሰዓት ወደ ሐኪም ነው።

ምርጫዎቹ

1. መጠበቅ፦ ያለ መድኃኒት የሚድኑ ጥቂት አይደሉም። ማን እንደሚድን ግን አስቀድሞ አይታወቅም።

2. የስቴሮይድ ክኒን፦ በብዛት የሚታዘዘው ፕሬድኒሶሎን ነው፤ ለአዋቂ በቀን እስከ 60 ሚሊ ግራም፣ ከ10 እስከ 14 ቀን። ለሁሉም ይሠራል ማለት አይደለም፣ ግን ርካሽ ነው። ስኳር፣ ደም ግፊት፣ የጨጓራ ቁስለት ወይም ቲቢ ያለበት፣ እንዲሁም ነፍሰ ጡር፣ አስቀድሞ ይናገር። መጀመር ያለበት በመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ ቢዘገይ በሁለት ሳምንት ውስጥ ነው።

3. በታምቡር በኩል የሚሰጥ የስቴሮይድ መርፌ፦ የጆሮ ስፔሻሊስት ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ በ250 ሕሙማን ላይ የተደረገ የአሜሪካ ጥናት መርፌው ከክኒኑ እንደማያንስ አሳይቷል። በተለይ የሚጠቅመው ክኒን መውሰድ ለማይችል ወይም ክኒኑ ላልሠራለት ነው።

4. ግፊቱ ከፍ ባለ ክፍል ውስጥ ኦክስጅን መተንፈስ፦ ከስቴሮይድ ጋር እንጂ ብቻውን አይመከርም። ውድ ነው፤ መሣሪያውም በጥቂት ቦታ ብቻ ይገኛል።

መጠን መጨመርስ? እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ የጀርመን ጥናት በጣም ከፍተኛ የስቴሮይድ መጠን ከተለመደው እንደማይሻል አሳይቷል። የቫይረስ መድኃኒትና የደም ሥር ማስፊያም እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣው የአሜሪካ የጆሮ ሐኪሞች መመሪያ አልተደገፉም።

ለእኛ ምን ማለት ነው?

እንግዲህ ሩቅ ያለው ሕክምና ቅርብ ካለው ክኒን ይበልጣል ማለት አይደለም። የሚያሳስበን ቀኑ ነው። ከካኩማ ወደ ሎድዋር ወይም ናይሮቢ ሪፈር እስኪጻፍና መኪና እስኪገኝ ሁለቱ ሳምንት ሊያልቅ ይችላል። ስለዚህ ክሊኒክ ስትሄዱ «ሪፈሩ እስኪደርስ ክኒኑን አሁን መጀመር ይቻላል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። መስማት ያቆመበትን ቀን ጽፋችሁ ያዙ። ክኒኑን ግን ከሱቅ ገዝታችሁ በራሳችሁ አትጀምሩ፤ ዘይትም ሆነ ሌላ ነገር ጆሮ ውስጥ አትጨምሩ።

መምህራንም ተማሪ «አንድ ጆሮዬ አልሰማ አለኝ» ካለን ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ አንጠብቅ፤ በዚያው ቀን እንላከው። ሲመለስ ደህናው ጆሮው ወደ እኛ እንዲሆን አድርገን ከፊት እናስቀምጠው። ካልተሻለው የመስማት ምርመራ ይደረግለት፤ የመስሚያ መሣሪያም ሊረዳው ይችላል። ትምህርቱ በዚህ ምክንያት መቋረጥ የለበትም።