«ሲጫወት ነው የሚውለው!»
እናንተዬ፣ ሮቤ ያለች አንዲት ጎረቤቴ የስድስት ዓመት ልጇን ከመንግሥት ትምህርት ቤቱ «ኦ ክላስ» ላስወጣው ነው ብላ ተነሳች። «ሀሁ የለ፣ ደብተር የለ፤ ጭቃ ሲያቦካ ይውላል!»

እውነቷን ነው፤ መምህርቷ ልጆቹ የወደዱትን እንዲሠሩ ትተዋቸዋለች። አዲስ ነገር ግን አይደለም። ጣሊያናዊቷ ሐኪም ማሪያ ሞንቴሶሪ እ.ኤ.አ. በ1907 ሮም ላይ በከፈተችው የልጆች ቤትም ልጆቹ ሥራቸውን ራሳቸው ይመርጡ ነበር። (እኔ ሀሁን የቆጠርኩት በኩርኩም ነው፤ ጎረቤቴ ላይ አልፈርድም።)

ማታ ቡና ስንጠጣ ልጁ የጭቃ መኪናውን ይዞ ከች አለ። ወደ ጎባ ስንዴ የሚጭን አይሱዙ መሆኑ ነው!

«እማዬ፣ ጎማው አራት ነው፤ ቆርኪ ሦስት ብቻ ነው ያለኝ። አንድ ስጪኝ።»

ማን አስቆጠረው? እናትየው ዝም አለች። ከዚያ ጓዳ ገብታ ቆርኪ ስትፈልግ ቡናው ቀዘቀዘ።