ፎርማት ከመባሉ በፊት፦ አልነሳ ያለ ላፕቶፕ የት ላይ ቆመ?

አዲስ አበባ ውስጥ አልነሳ ያለ ላፕቶፕ ይዞ ጥገና ቤት የገባ ሰው ቦርሳውን ከፍቶ ሳይጨርስ የሚሰማው መልስ አለ፦ «ፎርማት ይፈልጋል።» አንዳንዴ እውነት ነው። ብዙውን ጊዜ ግን ማሽኑ ሳይታይ የሚሰጥ ፍርድ ነው። ፎርማት ሲደረግ ዊንዶውስ ያለበት የዲስኩ ክፍል ይጠረግና ሁሉም ነገር እንደ አዲስ ይጫናል። ዴስክቶፕ ላይ ተከምሮ የነበረው የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የሱቅ ሒሳብ፣ የልጆች ፎቶ አብሮ ይጠረጋል። ጥፋቱ የራም ወይም የተጎዳ ዲስክ ከሆነ ደግሞ ፋይሉ ጠፍቶ፣ ገንዘቡ ተከፍሎ፣ ላፕቶፑ ብዙ ሳይቆይ ያንኑ አመሉን ያመጣል።

ቀድሞ መጠየቅ ያለበት ማሽኑ የት ድረስ ሄዶ እንደቆመ ነው። ማብሪያው ሲጫን ዊንዶውስ ወዲያው አይነሳም፤ ሂደቱ ዱላ ቅብብል ነው። ላፕቶፑ ጠፍቶም ቢሆን የማትተኛ አንዲት የኃይል መቆጣጠሪያ ቺፕ ማዘርቦርዱ ላይ አለች። ትእዛዙን ተቀብላ ለየክፍሉ ኤሌክትሪክ የምትለቀው እሷ ናት። ፕሮሰሰሩ ይነቃና ከሁሉ በፊት ባዮስን ያነባል። ባዮስ እዚያው ማዘርቦርዱ ላይ በሌላ ቺፕ ውስጥ የተጻፈ ትንሽ ፕሮግራም ነው። ስሙ የመጣው አሜሪካዊው ጋሪ ኪልዳል እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ከሠራው ሲፒኤም ከተባለው ሲስተም ሲሆን፣ በ1981 የወጣው የአይቢኤም ፒሲ ደግሞ በዓለም አዳረሰው። በአዳዲሶቹ ማሽኖች ቦታውን ዩኢኤፍአይ ወስዶታል፤ ባለሙያውም ተጠቃሚውም ግን ዛሬም ባዮስ ነው የሚለው። ባዮስ ራሙን፣ ስክሪኑን፣ ኪቦርዱን ይፈትሻል፤ ዲስኩን ይፈልጋል፤ ካገኘው ዱላውን ለዊንዶውስ ያስረክባል። እያንዳንዱ ርክክብ ሲከሽፍ የሚታየው ምልክት የተለያየ ስለሆነ፣ ዓይን ብቻ ካለ ግማሹ ምርመራ ያለ ምንም መሣሪያ ያልቃል።

ማብሪያው ተጭኖ አንዲት መብራት እንኳ ካልበራች፣ ፋኑም ካልዞረ፣ ዊንዶውስ በጉዳዩ የለበትም። ነገሩ የኤሌክትሪክ ነው። ሶኬቱንና ዲቫይደሩን ቀይሮ ማየት የሞኝ ምክር ይመስላል፤ ግን ስንቱ ላፕቶፕ በተቃጠለ ዲቫይደር ምክንያት ታክሲ ተሳፍሯል! አብዛኛው የላፕቶፕ ቻርጀር ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበላል። ዋሽንግተን ያለ ዘመድ የላከው ላፕቶፕ እዚህ 220 ቮልት ላይ ያለ ትራንስፎርመር የሚሠራው ለዚህ ነው። ለማሽኑ የሚሰጠው ግን ብዙውን ጊዜ ወደ 19 ወይም 20 ቮልት ብቻ ነው።

ቻርጀሩ ላይ የራሱ መብራት ካለው አንድ ጥሩ ፈተና አለ። መጀመሪያ ግድግዳው ላይ ብቻ ይሰካ፤ መብራቱ ይበራል። ከዚያ ጫፉ ላፕቶፑ ውስጥ ይግባ። በዚያች ቅጽበት መብራቱ እልም ብሎ ከጠፋ፣ ሲነቀል ደግሞ ተመልሶ ከበራ፣ ሌላ ጤነኛ ቻርጀርም ያንኑ ካደረገ፣ ማዘርቦርዱ ላይ ሾርት አለ ማለት ነው። ቻርጀሩ ራሱን ለማዳን ነው የዘጋው። ይህን ያየ ሰው አዲስ ቻርጀር ልግዛ ብሎ ገንዘቡን አያባክንም። ቦርድ የሚጠግን፣ መልቲሜትር የሚይዝ ባለሙያ ይፈልጋል።

ሾርት ከሌለ ደግሞ ወጪ የማይጠይቅ ሙከራ ይቀራል። ቻርጀሩ ይነቀላል፣ ባትሪው በቀላሉ የሚወጣ ከሆነ ይወጣል፣ ከዚያ ማብሪያው 30 ሰከንድ ያህል ተጭኖ ይያዛል። መብራት ሄድ መለስ ሲል የተምታታባት የኃይል መቆጣጠሪያ ቺፕ በውስጧ የቀረው ኤሌክትሪክ ተሟጦ እንደ አዲስ ትጀምራለች። ባትሪያቸው ከውስጥ የተቀበረ አንዳንድ ቲንክፓድ ላፕቶፖች ለዚሁ ሥራ ሆዳቸው ላይ የወረቀት ማያያዣ ሽቦ ጫፍ የምትገባባት ትንሽ ቀዳዳ አላቸው። ይህ ሙከራ የሞተ የሚመስል ላፕቶፕ ሲያስነሳ ያየ ሰው ተአምር ይለዋል።

ፋኑ እየዞረ፣ መብራቱ እየበራ ስክሪኑ ግን ጥቁር ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው። እዚህ ላይ የማሽኑን ትንፋሽ የምትነግረን ካፕስ ሎክ ናት። ትንሽ ጠብቆ መጫን ነው፤ መብራቷ በራ ጠፋ ካለች ማሽኑ ከውስጥ እየሠራ ነው፣ የተበላሸው የሚታየው ክፍል ነው። ክፍሉን አጨልሞ የስልክ ባትሪ ስክሪኑ ላይ በሰያፍ ቢበራበት አንዳንዴ የዊንዶውስ ገጽ እንደ ጥላ ይታያል፤ የጠፋው የስክሪኑ የጀርባ ብርሃን ብቻ ነበር ማለት ነው። ቤት ካለው ቲቪ ጋር በኤችዲኤምአይ ገመድ ማገናኘትም ያንኑ ይነግራል፤ ቲቪው ላይ ከታየ ፋይሉ ሁሉ በሰላም አለ።

ካፕስ ሎክ ካልመለሰች ወይም ራሷ በተወሰነ ቁጥር እየደጋገመች ብልጭ ድርግም ካለች ባዮስ እየተናገረ ነው። ስክሪን ከመነሳቱ በፊት ያለው ምላስ ድምፅና መብራት ብቻ ነው። በኤችፒ ላይ የካፕስ ሎክ ብልጭታ፣ በዴል ላይ የባትሪው ብርቱካናማና ነጭ መብራት የሚበራበት ቁጥር ትርጉም አለው፤ አምራቹ ለየሞዴሉ ያወጣው ዝርዝር የትኛው ክፍል እንደታመመ ይናገራል። ቁጥሩን ቆጥሮ ወረቀት ላይ መጻፍ ወይም በስልክ ቪዲዮ መቅረጽ ለባለሙያው ትልቅ እገዛ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚከሰሰው ራም ነው። አቧራና እርጥበት ወርቃማ ጥርሶቹ ላይ ስስ ሽፋን ያበጃሉ፣ ወይም ላፕቶፑ ሲወድቅ ከቦታው ነቅነቅ ይላል። ባለሙያው የሥሩን ክዳን ይከፍታል፣ ከምንም በፊት የባትሪውን ገመድ ይነቅላል፣ ግራና ቀኝ ያሉትን የብረት መያዣዎች በጥፍሩ ወደ ውጭ ገፋ ያደርጋል። ራሙ ያን ጊዜ ራሱ በሰያፍ ብድግ ይላል። ከዚያ የተማሪ ላጲስ ያወጣና ጥርሶቹን ቀስ ብሎ ያሻል፤ ብናኙን እፍ ይልና በሰያፍ አስገብቶ፣ መያዣዎቹ ቀጭ እስኪሉ ወደ ታች ይጫነዋል። ሁለት ራም ካለ አንዱን ብቻ አስቀርቶ ይሞክራል፣ ከዚያ ሌላውን። አዲስ ራም የተገባለት ዘመናዊ ማሽን ግን መጀመሪያ ሲበራ ለጥቂት ደቂቃዎች ጥቁር ሆኖ ሊቆይ ይችላል። ራሙን እየተለማመደ ነውና ተቻኩሎ ማጥፋት አይገባም። በቀጫጭኖቹ ላፕቶፖች ላይ ደግሞ ራሙ ከቦርዱ ጋር የተበየደ ስለሆነ ይህ ሁሉ አይሠራም።

የአምራቹ ሎጎ ከታየ በኋላ «ዲስክ አልተገኘም» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ከመጣ ዱላው የወደቀው ዲስኩ በር ላይ ነው። መጀመሪያ የተሰካ ፍላሽ ካለ ይነቀል፤ ባዮሱ ዊንዶውስን እዚያ ውስጥ ሲፈልግ ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ ወደ ባዮስ ገጽ መግባት ነው፤ እንደበራ ዴል ላይ ኤፍ2፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ10 ደጋግሞ በመጫን። እዚያ ገጽ ላይ የዲስኩ ስም ከተዘረዘረ ዲስኩ ቢያንስ ይታያል፣ ጥፋቱ የሶፍትዌር ሊሆን ይችላል። ስሙ ከሌለ ፎርማት የሚደረግ ነገርም የለም፤ ወይ ገመዱ ላልቷል ወይ ዲስኩ ሞቷል።

እግረ መንገድዎን ቀኑንና ሰዓቱን ይመልከቱ። ዓመታት ወደኋላ ከሄደ፣ በብዙ ላፕቶፖች ውስጥ ያለችው የሳንቲም ቅርጽ ያላት ባለ 3 ቮልት ባትሪ አልቃለች። የባዮሱ ቅንብር አብሮ ከፋብሪካ ወደወጣበት ይዞታ ሊመለስ ስለሚችል፣ ጤነኛ ዊንዶውስ ዲስኩን የሚያነብበት መንገድ ተቀይሮበት ሰማያዊ ስክሪን ሊያሳይ ይችላል። በአንዲት ትንሽ ባትሪ ምክንያት ሙሉ ፎርማት የተፈረደበት ላፕቶፕ ያሳዝናል።

ዲስኩ አሮጌው የሚሽከረከረው ዓይነት ሆኖ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ካወጣ ወዲያው ማጥፋት ነው። ደጋግሞ ማስነሳት፣ የዲስክ ጥገና ትእዛዝ መስጠትም ሆነ ፎርማት መሞከር የቀረውን ይጨርሰዋል። በዚህ ደረጃ ጥያቄው ላፕቶፑ ሳይሆን ፋይሉ ነው።

ዊንዶውስ ጀምሮ መሃል ላይ ሲቆም፣ ክቧ ስትዞር ስትዞር ስትውል፣ ወይም ሰማያዊ ስክሪን ሲመጣ ግን የሶፍትዌር ጥርጣሬ ትክክል ነው። ያን ጊዜም ፎርማት የመጨረሻው አማራጭ ነው። ዊንዶውስ 10 እና 11 ተደጋግሞ መነሳት ሲያቅታቸው ራሳቸው የጥገና ገጽ ይከፍታሉ። እዚያ ውስጥ የቅርቡን አፕዴት ማራገፍ፣ ወደ ቀድሞ ይዞታ መመለስ፣ ሴፍ ሞድ መግባት ይቻላል። ሴፍ ሞድ ዊንዶውስን ግድ የሚሉትን ድራይቨሮች ብቻ ይዞ ያስነሳዋል።

ይህ ገጽ ምን ያህል እንደሚጠቅም ዓለም በአንድ ቀን ያየው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 19 ቀን 2024 ነው። ክራውድስትራይክ የተባለው የደኅንነት ሶፍትዌር ኩባንያ የላከው አንድ የተሳሳተ የአፕዴት ፋይል፣ ማይክሮሶፍት እንደገመተው 8.5 ሚሊዮን ያህል የዊንዶውስ ማሽኖችን ሰማያዊ ስክሪን ላይ ተከለ። አውሮፕላኖች ቆሙ፣ ሆስፒታሎች ተስተጓጎሉ። መፍትሔው ግን ፎርማት አልነበረም፤ ሴፍ ሞድ ገብቶ ያንን ፋይል ማጥፋት ብቻ ነበር። ሥራውን ያከበደው ሌላ ነገር ነው፤ ብዙ ማሽኖች ዲስካቸው ቢትሎከር በተባለው የዊንዶውስ መቆለፊያ የተቆለፈ ስለነበር መጀመሪያ 48 አሃዝ ያለው የመክፈቻ ቁጥር ጠየቁ። የእርስዎም ላፕቶፕ ባዮሱ ሲነካ ወይም ማዘርቦርዱ ሲቀየር ይህንኑ ሊጠይቅ ይችላል። ቁጥሩ አብዛኛውን ጊዜ በማይክሮሶፍት አካውንትዎ ውስጥ ተቀምጧል፤ ላፕቶፑ ደህና ሳለ አውጥቶ መጻፍ ነው።

ሁሉም ተሞክሮ ፎርማት የግድ ከሆነ አስቀድሞ ፋይሉ ይወጣል። ኡቡንቱ የተባለው ሌላ ሲስተም የተጫነበት ፍላሽ ተሰክቶ ላፕቶፑ ከእሱ እንዲነሳ ሲደረግ ዊንዶውስ ሳይነካ ዲስኩ (በቢትሎከር ከተቆለፈ ቁጥሩ ገብቶ) ይከፈታል፣ የሚፈለገው ወደ ውጭ ሃርድ ዲስክ ይገለበጣል። ወይም ዲስኩ ራሱ ተፈትቶ በዩኤስቢ መያዣ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ይሰካል። «ፋይሌን አውጥተህ ነው ወይስ ሳታወጣ?» ብሎ ቴክኒሻኑን መጠየቅ ነውር የለውም፤ ዋጋውም ከዚያ በኋላ ይነጋገሩበት። የማክቡክ ባለቤቶች ግን ይህ መንገድ ተዘግቶባቸዋል። በአዳዲሶቹ ማክቡኮች ላይ ዲስኩ ከማዘርቦርዱ ጋር የተበየደና የተመሰጠረ ስለሆነ ቦርዱ ከሞተ የሚፈታ ዲስክ የለም። ያላቸው አማራጭ ያንኑ ቦርድ ለጥቂት ሰዓት እንኳ የሚያስነሳ ባለሙያ ማግኘት፣ ወይም ቀድሞ ሌላ ቦታ የተገለበጠ ቅጂ ነው።